ረጅሙ ሰንሰለት በደክዋኔ ማዕድ ቤት

ፌስታሉ፣ ጓንቱ፣ መጥበሻውና የፀጉር ዘለላው ምን ያዛምዳቸዋል? ሙቀት፣ ዘይትና እሳት ሲያገኛቸውስ ምን ይሆናሉ?

ከቤይሩት በስተምሥራቅ በምትገኘው ደክዋኔ፣ በአንድ ፎቅ ቤት ውስጥ፣ የኢትዮጵያዊቷ የቤት ሠራተኛ ቀን የሚጀምረው ፀሐይ ከተራራው ጀርባ ብቅ ሳትል ነው። በቅድሚያ የመጠጥ ውኃውን ጋሎን አንሥታ ከቦታው ታኖራለች። ቀጥላ የልጆቹን ምሳ ክዳን ባለው የፕላስቲክ ዕቃ ታሰናዳለች። የጎማ ጓንት አጥልቃ ዕቃ ታጥባለች፤ ምግብ የማይዘውን መጥበሻ በስፖንጅ ታሻለች፤ የአዛውንቷን ዳይፐር ትለውጣለች፤ እርጥቡን ልብስ በረንዳ ላይ በመቆንጠጫ ታሰጣለች፤ በመጨረሻም የቆሻሻውን ከረጢት አሥራ ወደ መንገድ ዳር ታወርዳለች።

ቀትር ሳይደርስ በእጇ ያለፉት እነዚህ ዕቃዎች በመልክም በአገልግሎትም አይመሳሰሉም። ይሁንና ሁሉም የአንድ ሰፊ ቤተሰብ አባላት ናቸው። የሳይንስ ሊቃውንት ይህን ቤተሰብ ፖሊመር ብለው ይጠሩታል፤ እጅግ ትላልቅ ከሆኑ ሞለኪውሎች የተሠሩ ነገሮች ማለት ነው።

ጉዳዩ የላቦራቶሪ ወሬ ብቻ መስሎ ሊታይ ይችላል። ነገር ግን በደክዋኔ፣ በዶራና በቡርጅ ሐሙድ በየቤቱ ለሚሠሩ በርካታ እህቶች የዕለት ተዕለት ጤና ጉዳይ ነው። ዕቃዎቹን መርጦ የሚገዛው ብዙውን ጊዜ ሌላ ሰው ነው። ከእሳት ጋር የምታገናኛቸው፣ በእጇ የምታሻቸውና ሽታቸውን የምትተነፍሰው ግን ሠራተኛዋ ናት። የዕቃውን ጠባይ ማወቅ የሚጠቅመውም ከሁሉ በፊት እርሷን ነው።

ዶቃና ክር

ፖሊመር የሚለው ቃል ከግሪክኛ የተገኘ ሲሆን ትርጉሙ «ብዙ ክፍሎች» ማለት ነው። አንድ የውኃ ሞለኪውል በ3 አቶሞች ብቻ የተገነባ ነው። በሻይ ውስጥ የሚሟሟው ስኳር አንዱ ሞለኪውል 45 አቶሞች አሉት። የአንድ ፖሊመር ሞለኪውል ግን ብዙ ሺህ፣ አንዳንዴም ከመቶ ሺህ የሚበልጡ አቶሞች ሊኖሩት ይችላል።

አሠራሩን ለመረዳት ሙስበሃን ማሰብ ይበቃል። እያንዳንዷ ፍሬ ትንሽ ናት፤ አንዷ ከሌላዋ ጋር በክር ስትያያዝ ግን ረጅም ሰንሰለት ይሆናል። በፖሊመር ውስጥ የፍሬዋን ቦታ የሚይዘው ሞኖመር የተባለ ትንሽ ሞለኪውል ነው። ልዩነቱ፣ ሙስበሃ 33 ወይም 99 ፍሬዎች ሲኖሩት፣ በፖሊመር ሰንሰለት ላይ የሚደረደሩት ፍሬዎች በሺዎች የሚቆጠሩ መሆናቸው ነው።

ርዝመት ምን ያህል ለውጥ እንደሚያመጣ ሻማና ጀሪካን ያሳያሉ። ሁለቱም ከካርቦንና ከሃይድሮጅን ብቻ የተሠሩ ሲሆን የሰንሰለታቸው አቀጣጠልም አንድ ዓይነት ነው። የተለመደው የሻማ ሰም በአንዱ ሞለኪውል ከ20 እስከ 40 የሚሆኑ ካርቦኖች ተቀጣጥለውበታል። በጀሪካኑ ውስጥ ያለው ፖሊኤትሊን ግን በሺዎችና በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ካርቦኖችን የያዘ ነው። በዚህም ምክንያት ሻማው በጣት ሲጫኑት ይሰበራል፤ ጀሪካኑ ግን 20 ሊትር ውኃ ተሸክሞ ከአህያ ጀርባ ቢወድቅ እንኳ ላይፈነዳ ይችላል።

ምክንያቱ ውስብስብ አይደለም። አጫጭር የክር ቁርጥራጮችን ከክምር ውስጥ መምዘዝ ቀላል ነው። ረጃጅም ክሮች እርስ በርስ ከተጠላለፉ ግን አንዱን ለመሳብ ሌሎቹን ሁሉ ማንቀሳቀስ ያስፈልጋል። የፖሊመር ጥንካሬ፣ ተለጣጭነትና ወፍራም ፈሳሽነት በአብዛኛው ከዚህ መጠላለፍ የሚመነጩ ናቸው።

ይህ ሐሳብ ዛሬ ቀላል ቢመስልም ሲቀርብ ግን ብርቱ ተቃውሞ ገጥሞት ነበር። ጀርመናዊው ኬሚስት ሄርማን ስታውዲንገር ጎማ፣ ስታርችና መሰል ነገሮች በእውነተኛ የኬሚካል ትስስር ከተያያዙ ረጃጅም ሞለኪውሎች የተሠሩ ናቸው የሚለውን ሐሳባቸውን እ.ኤ.አ. በ1920 ባሳተሙት ጽሑፍ አቀረቡ። በዘመኑ የነበሩ ብዙ ሊቃውንት ግን እነዚህ ነገሮች ትናንሽ ሞለኪውሎች በደካማ ኃይል ተሰባስበው የፈጠሯቸው ክምችቶች እንደሆኑ ያምኑ ነበር። ስታውዲንገር የተፈጥሮ ጎማን ከሃይድሮጅን ጋር አዋሐዱ። በደካማ ኃይል የተያዘ ክምችት ቢሆን ኖሮ መበተን ነበረበት፤ ጎማው ግን ትልቅነቱን እንደያዘ ቀረ። ሐሳባቸው ቀስ በቀስ ተቀባይነት አግኝቶ እ.ኤ.አ. በ1953 የኬሚስትሪ የኖቤል ሽልማት ሲሰጣቸው ዕድሜያቸው 72 ደርሶ ነበር።

ቡላና ቃጫ

ፖሊመር ሲባል ፕላስቲክ ብቻ ወደ አእምሮ ሊመጣ ይችላል። ሰው ፋብሪካ ከማቆሙ እጅግ ቀደም ብሎ ግን ፖሊመር በተፈጥሮ ውስጥ ነበረ። ለዚህ ከደቡብ ኢትዮጵያ የእንሰት ማሳ የተሻለ ማስረጃ ማግኘት ያዳግታል።

ከአንዱ የእንሰት ተክል ሁለት ነገሮች ይወጣሉ። አንደኛው ነጩ ቡላ ነው፤ ገንፎ ሆኖ ለአራስና ለሕመምተኛ ይቀርባል። ሁለተኛው ቃጫ ነው፤ ተገምዶ ገመድ ይሆናል፣ ከብት ይታሰርበታል። የቡላው ዋና ክፍል ስታርች፣ የቃጫው ዋና ክፍል ደግሞ ሴሉሎስ ይባላል። አስደናቂው ነገር የሁለቱም ዶቃ አንድ መሆኑ ነው፤ ሁለቱም ግሉኮስ በተባለው ስኳር የተሰካኩ ሰንሰለቶች ናቸው።

ልዩነታቸው ዶቃዎቹ በሚያያዙበት አቅጣጫ ላይ ነው። በስታርች ውስጥ ያለው አያያዝ ሰንሰለቱን ይጠመዝዘዋል፤ በሰው ምራቅና አንጀት ውስጥ ያሉ ኢንዛይሞችም ቆርጠው ወደ ስኳርነት ይመልሱታል። በሴሉሎስ ውስጥ ያለው አያያዝ ደግሞ ሰንሰለቱን ቀጥ ስለሚያደርገው ብዙ ሰንሰለቶች ጎን ለጎን ተጣብቀው ጠንካራ ጭረት ይፈጥራሉ። ይህን የሚቆርጥ ኢንዛይም በሰው አካል ውስጥ የለም። ላም ሣር በልታ የምትጠግበውም በሆዷ ውስጥ ያሉ ረቂቅ ተሕዋስያን ሴሉሎሱን ስለሚቆርጡላት ነው። አንድ ዶቃ፣ ሁለት ዓይነት አያያዝ፤ አንዱ ምግብ፣ ሌላው ገመድ። የሸማው ጥጥም ከቃጫው ወገን ነው።

እንጀራ የምትጋግር እናት የፖሊመርን ጠባይ ስሙን ሳትሰማ ታውቀዋለች። የቦካው ሊጥ ሲቀጥንባት ጥቂቱን ቀንሳ በፈላ ውኃ ታበስልና አብሲት አድርጋ ትመልሰዋለች። የጤፉ ስታርች በ70 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ውኃ ጠጥቶ ማበጥ ይጀምራል፤ ሰንሰለቶቹ ተፍታተው ውኃውን አጥምደው ይይዛሉ፤ ሊጡም ይወፍራል። ምጣዱ ላይ የሚፈጠረው አረፋ ሳይፈስ ዓይን ሆኖ የሚቀረው በዚህ ውፍረት እገዛ ጭምር ነው።

የሊባኖስ ቂጣ ግን በሌላ ፖሊመር የቆመ ነው። የስንዴ ዱቄት ከውኃ ጋር ሲታሽ ግሉተን የተባለ የፕሮቲን መረብ ይዘረጋል። ቂጣው ምድጃ ሲገባ በውስጡ የሚፈጠረውን እንፋሎት ይህ መረብ ይዞት እንደ ፊኛ ያብጣል፤ ሁለት ንብርብር የሚሆነውም ለዚህ ነው። ጤፍ እንዲህ ያለ የግሉተን መረብ ስለሌለው የጤፍ ሊጥ እንደ ስንዴ ሊጥ አይለጠጥም።

ፀጉር፣ ጥፍር፣ ሱፍና ሐርም የፕሮቲን ሰንሰለቶች ናቸው። የእንስሳት ቆዳ ጥንካሬ ኮላጅን ከተባለ ፕሮቲን የሚመጣ ሲሆን፣ ቆዳ ፋቂው ቆዳውን ሲያለፋ የሚያደርገው የኮላጅኑን ሰንሰለቶች እርስ በርስ በማስተሳሰር ከመበስበስ መጠበቅ ነው። ቆዳና አጥንት ለረጅም ሰዓት ሲቀቀሉ ደግሞ ኮላጅኑ ተፈትቶ ጄላቲን ይሆናል። ጄላቲን በከረሜላ፣ በጄሊና በመድኃኒት ካፕሱል ውስጥ ይገባል። ከየትኛው እንስሳ እንደተገኘ በዓይን አይለይምና ምንጩን ለማወቅ የሚፈልግ ሙስሊም ሸማች በማሸጊያው ላይ የሰፈረውን ጽሑፍ ማንበብ ይኖርበታል።

በአጋጣሚ የተገኘው ነጭ ሰም

ሰው ራሱ የፖሊመር ሰንሰለት መሥራት የጀመረው በቅርቡ ነው። በቤልጂየም የተወለዱት ሊዮ ቤክላንድ እ.ኤ.አ. በ1907 ቤክላይት የተባለውን ጠንካራ ፕላስቲክ አሜሪካ ውስጥ ሠሩ። የቀድሞ ስልኮች፣ የራዲዮ ሣጥኖችና የመብራት ማብሪያዎች ከእርሱ ይሠሩ ነበር።

የፌስታሉ እናት የሆነው ፖሊኤትሊን ደግሞ የተገኘው ሳይታሰብ ነው። እ.ኤ.አ. በማርች 1933 በእንግሊዝ አገር ኖርዝዊች አካባቢ በሚገኝ ላቦራቶሪ ሬጂናልድ ጊብሰንና ኤሪክ ፎውሴት የተባሉ ኬሚስቶች ኤትሊን የተባለውን ጋዝ በከፍተኛ ግፊት ከሌላ ኬሚካል ጋር ለማዋሐድ ሞከሩ። ኤትሊን ሙዝና ሌሎች ፍራፍሬዎች ሲበስሉ የሚያመነጩት ጋዝ ነው። ሙከራው የታሰበውን ውጤት አላመጣም፤ በዕቃው ግድግዳ ላይ ግን ነጭ፣ ሰም መሰል ነገር ተገኘ። የጋዙ ሞለኪውሎች እርስ በርስ ተያይዘው ረጅም ሰንሰለት ሆነው ነበር። ይህ ነገር በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ለራዳር ገመድ መሸፈኛ ዋለ። እ.ኤ.አ. በ1953 ጀርመናዊው ካርል ዚግለር ያለ ከፍተኛ ግፊት የሚሠራበትን መንገድ አገኙ፤ ቀጥሎም ጣሊያናዊው ጁሊዮ ናታ ፖሊፕሮፒሊንን ሠሩ። ሁለቱ ሊቃውንት እ.ኤ.አ. በ1963 የኖቤል ሽልማት ተካፈሉ። ዛሬ በየሱቁ የሚታየው ባለ ሁለት ጆሮ ፌስታል ስዊድን ውስጥ በስቴን ጉስታፍ ቱሊን ተነድፎ እ.ኤ.አ. በ1965 የፈጠራ መብት ተሰጥቶታል።

ይህ ግኝት ያመጣውን ጥቅም መካድ ተገቢ አይሆንም። በኢትዮጵያ ገጠር ሴቶች ባዶውን እንኳ ከባድ የሆነውን የሸክላ እንስራ ይሸከሙ ነበር። ቢጫው ጀሪካን ሲመጣ ከጀርባቸው ላይ ብዙ ክብደት አወረደላቸው። በቤይሩትም እ.ኤ.አ. ኦገስት 4 ቀን 2020 በወደቡ ላይ በደረሰው ፍንዳታ የብዙ ሰፈሮች መስኮቶች ሲረግፉ፣ ቤቶቹን በቶሎ ከነፋስና ከዝናብ ከጋረዷቸው ነገሮች አንዱ የፕላስቲክ ሸራ ነበር። ብርሃን ያስገባል፣ ውኃ አያሳልፍም፣ ቢወድቅም ሰው አይቆርጥም።

ሙቀት፣ ዘይትና ፀሐይ

ማዕድ ቤት ውስጥ ያሉ ፕላስቲኮች ሁሉ አንድ አይደሉም። በብዙዎቹ ዕቃዎች ሥር በሦስት ማዕዘን ምልክት ውስጥ ከ1 እስከ 7 ያለ ቁጥር ታትሟል። ይህ አሠራር እ.ኤ.አ. በ1988 በአሜሪካ የተጀመረ ሲሆን ቁጥሩ የሚናገረው የፕላስቲኩን ዓይነት ብቻ ነው፤ ዕቃው ለምግብ እንደሚሆን ወይም በእርግጥ ተመልሶ እንደሚሠራ ማረጋገጫ አይደለም። 1 የውኃ ጠርሙስ ፕላስቲክ፣ 2 የጀሪካንና የሳሙና ጠርሙስ፣ 3 ፒቪሲ፣ 4 ስስ ፌስታል፣ 5 ፖሊፕሮፒሊን የሆኑት የምሳ ዕቃዎች፣ 6 ፖሊስታይሪን የሆኑት የፎም ሳህኖችና ኩባያዎች ሲሆኑ 7 ሌሎቹን ሁሉ ያጠቃልላል።

የእያንዳንዱ የሙቀት ድንበር ይለያያል። በተለምዶ ሃይላንድ የሚባለው የውኃ ጠርሙስ በ70 ዲግሪ አካባቢ መላላት ይጀምራል፤ ትኩስ ሻይ ሲቀዳበት የሚጨማደደው ለዚህ ነው። ስሱ ፌስታል ከ105 እስከ 115 ዲግሪ ባለው ይቀልጣል፤ ከዚያ በፊትም ይለሰልሳል። ፖሊፕሮፒሊን እስከ 160 ዲግሪ ገደማ ስለማይቀልጥ የፈላ ውኃ ይችላል። የፈላ ዘይት ግን ሌላ ነው። የመጥበሻ ዘይት 180 ዲግሪ ሊደርስ ስለሚችል፣ የፈላ ውኃ የቻለው ዕቃ ትኩስ ዘይት ሲፈስበት ቀልጦ እጅና እግር ሊያቃጥል ይችላል።

እዚህ ላይ ከአገር ቤት የመጣ ልማድም መታየት አለበት። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስለምትገኝ ውኃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ አካባቢ ነው። በባሕር ዳርቻዋ ቤይሩት ግን በ100 ዲግሪ ይፈላል። ስለዚህ በአገር ቤት ማዕድ ቤት የተለመደው «የፈላ» እና በደክዋኔው ማዕድ ቤት ያለው «የፈላ» እኩል አይደሉም።

ዕቃው ሳይቀልጥ ምግቡን የሚበክልበት መንገድም አለ። ረጅሙ የፖሊመር ሰንሰለት ከቦታው በቀላሉ አይንቀሳቀስም። የሚንቀሳቀሱት በሰንሰለቶቹ መካከል የተቀመጡት ትናንሽ ሞለኪውሎች ናቸው፤ ማለስለሻዎች፣ ቀለሞችና ሳይያያዙ የቀሩ ሞኖመሮች። ሙቀት ያነቃቸዋል፤ ብዙዎቹ ደግሞ ከውኃ ይልቅ በዘይት በቀላሉ ስለሚሟሟ ቅባት ስቦ ያወጣቸዋል። ቆይታ ሲታከልበት መጠናቸው ይጨምራል። ጠንካራና ጥርት ያሉ ጋሎኖች ከሚሠሩበት ፖሊካርቦኔት ሊወጣ የሚችለው ቢስፌኖል ኤ የተባለ ንጥረ ነገር ለዚህ ይጠቀሳል። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2011 ይህ ንጥረ ነገር በሕፃናት ጡጦ ውስጥ እንዳይገባ ከልክሏል። በመሆኑም ትኩስ፣ ቅባት የበዛበትና ለረጅም ሰዓት የሚቆይ ምግብ በመስታወት፣ በሸክላ ወይም በማይዝግ ብረት ዕቃ ቢቀመጥ ይመረጣል። ወጡ ቀዝቅዞ ወደ ፕላስቲክ ዕቃ ቢገለበጥም አንዱ ጥንቃቄ ነው።

ምግብ የማይዘው መጥበሻ ቴፍሎን በተባለ ፖሊመር የተለበጠ ነው። ቴፍሎን በብዙ ኬሚካሎች አይነካም፤ ይሁን እንጂ ከ260 ዲግሪ በላይ ሲግል መበላሸት ይጀምራል። ባዶ መጥበሻ በኃይለኛ እሳት ላይ ሲረሳ ከዚያ በላይ ሊግል ይችላል። ከመጠን በላይ ከጋለ ሽፋን የሚወጣው ጭስ ሰውን ጉንፋን በሚመስል ትኩሳት ሊያሳምም፣ በቤት ውስጥ የሚረቡ ወፎችን ደግሞ ሊገድል ይችላል። ስለዚህ መጥበሻውን ባዶውን አለመጣድ፣ ከተረሳም እሳቱን አጥፍቶ መስኮት መክፈት ይገባል።

የጎማ ጓንቱም ገደብ አለው። የተፈጥሮ ጎማ በዘይት ያብጣል፣ ይላላል፤ ቆዳቸው ከጎማው ፕሮቲን ጋር የማይስማማ ሰዎችም አሉ። ለእነርሱ ናይትራይል የተባለው ሰው ሠራሽ ጎማ አማራጭ ነው። ጓንት እጅን እንጂ ሳንባን አይጠብቅም፤ በረኪና ከመጸዳጃ ቤት አሲድ ጋር ሲቀላቀል የሚወጣውን መርዛማ የክሎሪን ጋዝ የሚያግድ ጓንት የለም።

በዳይፐሩ ውስጥ ያለው ነጭ ዱቄት ደግሞ ከክብደቱ በመቶዎች እጥፍ የሚበልጥ ንጹሕ ውኃ መጥጦ ወደ ጄል የሚለወጥ ፖሊመር ነው። ዳይፐር ወደ መጸዳጃ ጉድጓድ ከተጣለ እዚያው አብጦ ቱቦ ይዘጋል። በረንዳ ላይ ያለው የልብስ መቆንጠጫም አንድ በጋ ሳይሞላው ተሰባሪ የሚሆንበት ምክንያት አለው። የፀሐይ ጨረር ከአየር ጋር ተባብሮ የፕላስቲኩን ረጃጅም ሰንሰለቶች ይቆራርጣቸዋል። ሰንሰለቱ ሲያጥር ጀሪካኑ ወደ ሻማው ጠባይ ይቀርባል፤ ይደርቃል፣ ይሰነጠቃል፣ ይፈረፈራል። ነገር ግን ፍርፋሪው ፕላስቲክ መሆኑን አይተውም፤ ዓይን ወደማያየው መጠን ደቅቆ ወደ አፈርና ወደ ባሕር ይገባል።

የማይሞተው ቆሻሻና እሳቱ

ከረጢቱ ከቤት ከወጣ በኋላ የሚሆነውን የደክዋኔና የአካባቢዋ ነዋሪዎች በዓይናቸው አይተዋል። እ.ኤ.አ. ጁላይ 17 ቀን 2015 የቤይሩትንና የሊባኖስ ተራራን ቆሻሻ ይቀበል የነበረው የናዕሜ መጣያ ሲዘጋ የከተማዋ ጎዳናዎች በቆሻሻ ተሞሉ። በቀጣዮቹ ወራት ለደክዋኔ ጎረቤት በሆነችው ጀዲዴ ነጫጭ ከረጢቶች በመንገድ ላይ እንደ ወንዝ ተዘርግተው የሚያሳየው ምስል ዓለምን ዞረ። መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2016 በቡርጅ ሐሙድና በጀዲዴ የባሕር ዳርቻ እንዲሁም በአውሮፕላን ማረፊያው አቅራቢያ መጣያዎች እንዲከፈቱ ወሰነ።

ያ ወንዝ ሳይበሰብስ የቆየበት ምክንያት ከቡላና ከቃጫው ታሪክ ጋር ይገናኛል። የሽንኩርት ልጣጭ፣ የዳቦ ፍርፋሪና ወረቀት በተፈጥሮ ፖሊመር የተሠሩ በመሆናቸው የሚቆርጣቸው ኢንዛይም ያላቸው ተሕዋስያን ከጥንት ጀምሮ አሉ። የፌስታሉ የካርቦን ሰንሰለት ግን ለምድር አዲስ ነው፤ በቀላሉ የሚቆርጠው ተሕዋሲ የለም ማለት ይቻላል። ጠንካራ ያደረገው ያው ትስስር የማይሞት ቆሻሻ አደረገው። በጃፓን እ.ኤ.አ. በ2016 የውኃ ጠርሙስ ፕላስቲክን ቀስ ብሎ የሚበላ ባክቴሪያ መገኘቱ ተስፋ ቢሰጥም፣ የዓለምን ክምር የሚያነሣ አይደለም።

መጣያ ሲታጣ እሳት አቋራጭ መስሎ ይታያል። ሂዩማን ራይትስ ዎች እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2017 ባወጣው ዘገባ በሊባኖስ ከ900 በላይ ሜዳ ላይ የተከፈቱ መጣያዎች እንዳሉና ከ150 በላይ የሚሆኑት ቢያንስ በሳምንት አንድ ጊዜ እንደሚቃጠሉ አስታውቋል። በቤይሩት የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ የአየር ኬሚስትሪ ተመራማሪ የሆኑት ፕሮፌሰር ናጃት ሳሊባና ባልደረቦቻቸውም በቀውሱ ወቅት ቆሻሻ በሚቃጠልበት አካባቢ የአየር ናሙና ወስደው ካንሰር አምጪ ንጥረ ነገሮች መጨመራቸውን ገልጸዋል።

እሳት ሰንሰለቱን ይበጥሰዋል፤ ከዚያ የሚወጣው ግን እንደ ፖሊመሩ ዓይነት ይለያያል። ፒቪሲ የተለበጠበት የኤሌክትሪክ ሽቦና ቱቦ ሲቃጠል ጉሮሮና ዓይን የሚያቃጥል የአሲድ ጋዝ ያወጣል፤ ዳይኦክሲን የተባሉ በሰውነት ስብ ውስጥ ለዓመታት የሚቀመጡ መርዞችም ይፈጠራሉ። የፎም ኩባያ ጥቁር ጥላሸት ይተፋል። ፌስታልም ሙሉ በሙሉ ሳይነድ ሲቀር ካርቦን ሞኖክሳይድ ይወጣል። መዳብ ለማውጣት ሽቦ የሚያቃጥሉ፣ ምድጃ ወይም ከሰል በፌስታል የሚያቀጣጥሉ ሰዎች ይህን በቅርብ ይተነፍሱታል። በአገር ቤትም ከሰልን በላስቲክ ማያያዝ የተለመደ ነውና ልማዱ ከቦታ ቦታ ተሻግሯል።

እ.ኤ.አ. ከኦክቶበር 17 ቀን 2019 ጀምሮ በተካሄዱት ሰልፎች መንገድ ላይ ሲነዱ የታዩት ጎማዎች ሌላውን የፖሊመር ጠባይ ያስታውሳሉ። አሜሪካዊው ቻርልስ ጉድይር እ.ኤ.አ. በ1839 ጎማን ከድኝ ጋር ማሞቅ እንደሚያጠነክረው ደረሱበት። ድኙ በሰንሰለቶቹ መካከል ድልድይ ይሠራል። በሰው ፀጉር ፕሮቲኖች መካከልም የድኝ ድልድይ አለ። እንዲህ የተሳሰረ ፖሊመር ከእንግዲህ አይቀልጥም። ቅቤ ቢቀልጥ ተመልሶ ይረጋል፤ የተቀቀለ እንቁላል ግን ወደ ጥሬነቱ አይመለስም። ጀሪካንና የውኃ ጠርሙስ ከቅቤው ወገን ስለሆኑ ቀልጠው ሌላ ዕቃ መሆን ይችላሉ። የመኪና ጎማና ቤክላይት ግን ከእንቁላሉ ወገን ናቸው።

የሚቀልጡትም ቢሆኑ በሙሉ አይመለሱም። እ.ኤ.አ. በ2017 የታተመ አንድ ዓለም አቀፍ ጥናት እስከ 2015 ድረስ 8.3 ቢሊዮን ቶን ፕላስቲክ እንደተመረተ ገምቷል። ቆሻሻ ከሆነው ውስጥ ዳግመኛ የተሠራው 9 በመቶ ያህሉ፣ የተቃጠለው 12 በመቶ ሲሆን፣ 79 በመቶው በመጣያና በተፈጥሮ አካባቢ ተከማችቷል።

ከአገልግል ወደ ፌስታል፣ ከፌስታልስ?

ኢትዮጵያ በ1999 ዓ.ም. ባወጣችው የደረቅ ቆሻሻ አያያዝ አዋጅ ቁጥር 513 ውፍረታቸው ከ0.03 ሚሊ ሜትር ያልበለጠና የማይበሰብሱ ፌስታሎች እንዳይመረቱና ወደ አገር እንዳይገቡ ደንግጋ ነበር። ስሱ ፌስታል ግን ከገበያ አልጠፋም። በ2017 ዓ.ም. የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የፕላስቲክ ከረጢትን የሚከለክል አዲስ አዋጅ አጽድቋል። ሊባኖስም እ.ኤ.አ. በ2018 የደረቅ ቆሻሻ አያያዝ ሕግ አውጥታለች።

ሕጉ ሥራ ላይ እስኪውል በየቤቱ የሚደረግ ነገር አለ። ከቆሻሻው የምግብ ትርፍራፊውን ለይቶ ማውጣት፣ ቁጥር 1 እና 2 የታተመባቸውን ጠርሙሶች አጥቦ ለብቻ ማኖር፣ ፕላስቲክን በምንም ምክንያት አለማንደድ፣ የተሰነጠቀና የተጫረ የምግብ ዕቃን ለሌላ አገልግሎት ማዋል ወጪ አይጠይቅም። የቤት ሠራተኛዋ ይህን ለአሠሪዋ ማስረዳት ሊከብዳት ይችላል። የተጫረውን መጥበሻ ወይም የሳሳውን ጓንት አሳይታ እንዲቀየር ስትጠይቅ ግን ጥያቄዋ የቅንጦት ሳይሆን የጤና ነው፤ ጥቅሙም ከዚያው መጥበሻ ለሚመገበው ቤተሰብ ጭምር ነው።

ቀድሞ መንገደኛ ስንቁን በአገልግል ይይዝ ነበር። አገልግሉ ከሣር ተሰፍቶ በቆዳ ይለበጣል፤ ሴሉሎስና ኮላጅን፣ ሁለት ፖሊመሮች። ድፎ ዳቦው በኮባ ቅጠል ይጋገራል፤ እርሱም ሴሉሎስ ነው። ሁሉም አገልግሎታቸውን ሲጨርሱ ወደ አፈር ይመለሱ ነበር። ዛሬ ያው ስንቅ በፌስታል ይቋጠራል።

ምሽት ላይ በደክዋኔው ቤት ዕቃው ሁሉ ታጥቦ ይደረደራል። የምሳ ዕቃው ሥር 5 ቁጥር ይነበባል፤ የፈላ ውኃ ይችላል፣ የፈላ ዘይት አይችልም። ከጎኑ 6 ቁጥር ያለበት የፎም ሳህን ተቀምጧል። ነገ ትኩሱ ሩዝ የሚገባው የትኛው ውስጥ እንደሆነ የምትወስነው ዕቃውን ገልብጣ ቁጥሩን ያነበበችው ናት።